የቀኝ እጅ ክሮች

ስልኩ ሲጮኽ የይኸነው ቢላዋ ከቀርከሃው አንጓ ላይ ደርሶ ነበር። ቀርከሃ መሰንጠቅ ከተጀመረ መሃል ላይ አይተውም፤ ቢላዋው ከቆመ ስንጥሩ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ይቀጥናል፣ ከዚያ በኋላ ለወንበር አይሆንም። ስለዚህ ስልኩ እየጮኸ እስከ ጫፉ ሰነጠቀው። ሁለቱን ግማሾች መሬት ላይ ጣላቸውና ቢላዋውን ከግራ እጁ ወደ ቀኙ አዛወረ።

የሚያየው ሰው አልነበረም። ሥራ ቦታውን ከእንጅባራ አስፋልት የሚለየው ረጅም የቀርከሃ ምንጣፍ እንደ ወትሮው ተጋርዷል። ግን ልማድ ሆኖበታል፤ የሰው ድምፅ በቀረበ ቁጥር፣ በስልክ እንኳ ቢሆን፣ ቢላዋው ወደ ቀኝ ይሄዳል።

"ጋሽ ይኸነው? ዶክተር ምሥራቅ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።"

"አቤት ዶክተር! ደህና ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅዎ ፋና አጠገብዎ አለች?"

"የለችም። ምነው፣ ከፋ?"

"አልከፋም። የጨረሩን ዕቅድ ልንዘጋው ነው። ከመዝጋታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው።"

ይኸነው ከተቀመጠበት ጉማጅ ተነሣ። ሐኪም ሲያናግረው መቀመጥ አይሆንለትም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። ቀኝ እጁ በራሷ ጊዜ ተነሥታ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ጭን መደብደብ ያዘች፤ ቀጥሎ ይኸነው ራሱ ወደቀ። ሰዉ ክብሪት ጫረ፣ ጠበል ተረጨ። ባሕር ዳር ላይ ፎቶ ሲነሣ ግን በአንጎሉ ግራ ጎን ዕጢ ተገኘ። አዲስ አበባ ወስደው ጭንቅላቱን ከፈቱና አብዛኛውን አወጡለት፤ ሊነካ የማይቻለውን ትንሽ ቁራጭ ተዉት። እሱን በጨረር ነው የምንይዘው አሉት። ለዚያ ሲሉም ከተለመደው ፎቶ ሌላ፣ የአንጎሉን ክሮች የሚያሳይ ምስል አነሡት። ዶክተር ምሥራቅ ምስሉን በኮምፒውተር ስታሳየው አፉን ከፍቶ ቀርቶ ነበር፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ክር እንደ ተሰነጠቀ ቀርከሃ እስር ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። "ይሄ ሁሉ የእኔ ነው?" ብሎ ጠይቋት ሁሉም ስቀው ነበር።

"እነዚያን ሰማያዊ ክሮች ያስታውሷቸዋል?" አለችው አሁን። "ወደ ቀኝ እጅዎ ወርደው እጅዎን የሚያዙት እነሱ ናቸው። የቀረው ዕጢ ደግሞ እነሱኑ ተደግፎ ነው ያለው። ጨረሩን በጣም አጥብበን መምራት እንችላለን፤ ያም ሆኖ ሁለቱ ከሚነካኩበት ጠርዝ ላይ ምርጫ አለ። ክሮቹን እናድን ካልን ጠርዙ ላይ ያለው ዕጢ የሚደርሰው ጨረር ያንሳል፣ በዚያ በኩል ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ጠርዙንም በሙሉ እንምታው ካልን ዕጢውን ለረጅም ጊዜ የመያዝ ዕድላችን ይሰፋል። ቀኝ እጅዎ ግን እያደር ሊደክም፣ ላይታዘዝዎት ይችላል።"

"እግሬስ?"

"የእግርዎ ክሮች ራቅ ያሉ ናቸው፣ የንግግርዎም እንዲሁ። ጥያቄው የእጅ ብቻ ነው።"

"እናንተስ ምን አላችሁ?"

"እጅዎን እናድን ነው ያልነው። የእጅ ባለሙያ ነዎት፤ ልጅዎም በቀኙ ነው የሚሠራው ብላ አስመዝግባለች። ግራኝ ቢሆኑ ኖሮ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ሳላመነታ ሁለተኛውን ነበር የምመክርዎ። ለማረጋገጥ ያህል ነው፤ በቀኝዎ ነው የሚሠሩት አይደል?"

ይኸነው ቀኝ እጁን አየ። ቢላዋውን ይዛለች፤ ግን አያያዟ እንግዳ ሰው ሕፃን ሲያቅፍ ዓይነት ነው።

"በቀኜ ነው" አለ።

ቃሉ ከአፉ የወጣው ቄስ "ይፍታህ" ሲል "አሜን" እንደሚባለው ነው፤ ሳያስብበት።

"እሺ። ለፋናም እነግራታለሁ። ነገ ጠዋት ነው የምንዘጋው፤ ሐሳብ ከቀየሩ እስከዚያ ያግኙኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። ይኸነው ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንዲሁ ሲል ቆየ። አንድ ቀርከሃ መርጦ ቢላዋውን በግራው ያዘና መልሶ አስቀመጠው። ምንጣፉን ገልጦ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

ጉሙ ገና አልተነሣም። ከሰል የጫነ አይሱዙ መብራቱን አብርቶ ከአዲስ ቅዳም በኩል ብቅ አለና ጭቃውን ረጭቶ አለፈ። ደረሰ የሚባለው ጎረቤቱ፣ እሱም ቀርከሃ ሠሪ ነው፣ ወንበሮቹን በመንገዱ ዳር እየደረደረ ነበር። ይኸነውን ሲያይ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

"አያ ይኸነው! እንኳን ደስ ያለህ! ቀኝህን እግዜር አተረፈልህ አሉ!"

"ማን ነገረህ?"

"ፋና ናታ። ያንተ ስልክ አልጠራ ቢላት ለእኔ ደወለች። እያለቀሰች እኮ ነው የነገረችኝ! 'ጨረሩን ከእጁ ክር ላይ አዙረውለታል' አለችኝ። እኔማ እንዴት ነው ጨረር የሚዞረው፣ ባጃጅ ነው እንዴ ብዬ..." ደረሰ በራሱ ቀልድ ሳቀ። "በል አምጣት ያቺን እጅ!"

ይኸነው ቀኙን ሰጠው። ደረሰ ጨበጣት፣ ወዘወዛት፣ ሳማት። ይኸነው መልሶ ሊጨብጥ ሞከረ፤ ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ላላ አሉ።

"አሁንማ ያን ምንጣፍ ታወርደዋለህ" አለ ደረሰ። "ሞት ጎብኝቶት የተረፈ ሰው ሙያ አይደብቅም። ከተማው ሁሉ ምን እንደሚል ታውቃለህ? 'ይኸነው የሚሰነጥቅበት መላ አለው፣ እንዳንሰርቀው ነው የሚጋርደው' ነው የሚለው። ለእኔ ለጎረቤትህ እንኳ ሳታሳየኝ ልታልፍ ነበር፣ አንተ ቋጣሪ!"

"መላ የለኝም" አለ ይኸነው።

"ይሄው፣ አሁንም!"

ይኸነው አምልጦ ሄደ። ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም፤ እግሩ ቁልቁል መናኸሪያ አደረሰው። ሚኒባሶቹ ተሰልፈው ሞተራቸውን ያጓራሉ።

"ጫግኒ! ጫግኒ! አባት፣ ጫግኒ ነዎት?" አለው አንድ ረዳት።

"አይደለሁም።"

"ዳንግላ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ከበሩ ላይ ዞር ይበሉልን! የማይሄድ ሰው በር ላይ ሲቆም የሚሄደው ይቀራል።"

ዞር አለ። ዞር ያለበት ቦታ ላይ የንስሐ አባቱን ቄስ እንየውን ጃንጥላቸውን ታቅፈው ቆመው አገኛቸው። ለተዝካር ወደ አዘና መሄዳቸው ነበር። መስቀሉን አወጡለትና ተሳለመ።

"ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ? ደህና ወሬ ነው የሰማሁት እኮ።"

እሳቸውም ሰምተዋል። ይኸነው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንድ ሰው ቀኝ እጁን ቢያጣ በምን ያማትባል?"

"በምን አጣው?"

"ገና አላጣውም።"

"ገና ካላጣው በቀኙ ያማትባ!"

"ቢያጣው ነው የምልዎ፣ አባ።"

"በቀረው ያማትባል፤ ምንም ካልቀረው በልቡ። እግዚአብሔር ጣት ቆጣሪ ነው እንዴ?"

"ወዶ ቢተወውስ? ማትረፍ እየቻለ?"

ቄስ እንየው ጃንጥላውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። "ወዶ? ዐሥራቱን እንኳ ሰው አልቅሶ ነው የሚሰጠኝ፤ ቀኝ እጁን ወዶ የሰጠ ምእመን እስከ ዛሬ አላየሁም። ማን ነው ሰውየው? ያ የደረሰ ወንድም ነው? ያ በመጋዝ የሚጫወተው?"

"አይደለም። አባቴ ግን... በግራው የሚበላ በመጨረሻው ቀን በግራ ይቆማል ይሉ ነበር።"

"አባትህ ነፍሱን ይማረውና ፈረሰኛ ነበር እንጂ መምህር አልነበረም" አሉ ቄስ እንየው። ነገሩን ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ በዚያው ቅጽበት የአዘናው መኪና ጥሩምባ ነፋና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ። በመስኮቱ ብቅ ብለው "ሰውየውን ላክልኝ!" አሉት።

አባቱ። ይኸነው በጎን መንገዱ፣ በባሕር ዛፎቹ ሥር እየተራመደ ስለ አባቱ አሰበ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ማዕድ በቀረበ ቁጥር የልጃቸውን ግራ እጅ በፈረስ ጠፍር ከወገቡ ጋር ያስሩና "ይሄ ለራስህ ነው" ይሉት ነበር። ልጁ በቀኙ ሲጎርስ እንጀራው ደረቱ ላይ ይዝረከረካል፣ እንግዶች ይስቃሉ። ሌሊት ተኝተው ሲያንኮራፉ እሱ በጨለማ ቀኝ እጁን ያለማምዳል፤ ጠጠር ያነሣል፣ ጠጠር ያስቀምጣል። ግራው ምንም ሳይማር ሁሉን ያውቅ ነበር። ቀኙን ግን እሱ ነው ያስተማራት። ማማተብ፣ መጉረስ፣ መጨበጥ፣ ስሙን መጻፍ፤ እያንዳንዷን ነገር እያለቀሰ አስተምሯታል። በልጅነቱ የሠራው የመጀመሪያ ዕቃ ቢባል ወንበር አይደለም፣ ቀኝ እጁ ነች። አሁን እሷን ጣላት ይሉታል።

ደግሞ የሰው ፊት አለ። ማኅበር ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ አምስት ስድስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲቆርስ እሱ በግራው እጁን ሲሰድ ይታየዋል። የሚነሣ አይኖርም፤ ሰው ጨዋ ነው። ዝም ብለው በእሱ በኩል ያለውን እንጀራ ይተዉለታል።

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ሸጋ ከደጃፉ ላይ ድንች እየለቀመች ነበር፤ ለዘር የሚሆነውን ወደ አንዱ ማዳበሪያ፣ ለገበያ የሚሆነውን ወደ ሌላው። ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እንኳን ደስ ያለህ አላለችውም።

"ፋና ደውላልሽ የለም?" አላት።

"ደውላለች።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ሐኪሟ ምን ብላ ጠየቀችህ?"

"በየትኛው ነው የምትሠራው አለችኝ።"

"አንተስ?"

ይኸነው አጎንብሶ ድንች አነሣ፤ ለዘር ይሁን ለገበያ ሳይወስን ይዞት ቆመ። "በቀኜ አልኩ።"

ሸጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ለእኔ ዋሽ። ለደረሰ ዋሽ። ለሐኪም ይዋሻል? ጭንቅላትህን ከፍታ ላየችው ሰው?"

"ምን እያልሽ ነው? ምን ዋሸሁ?"

"አንተ ሰው፣ በል ተወኝ! ፋና ዳዴ በምትልበት ጊዜ ወደ እሳቱ ስትደፋ፣ ከዚያ ጥግ ዘለህ በየትኛው እጅህ ነው ያነሣሃት?"

ይኸነው ቀኑን አስታወሰው። እጁን ግን አላስታወሰም፤ ያን ጊዜ ስለ እጅ ማን ያስባል?

"ታውቂ ነበር?"

"ሚስትህ አይደለሁም? ስትቆጣ የምትነሣው ግራህ ናት፣ በእንቅልፍ ልብህ ብርድ ልብስ የምትስበው እሷ ናት። በዚያ ምንጣፍ ቀዳዳም አይቼሃለሁ። ሰው እንዲህ እያማረበት ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ቤት ስትገባ ደግሞ ያቺን ቀኝህን እንደ ኪራይ በሬ ስትነዳ አይሃለሁ። ካልነገረኝ አልነግረውም ብዬ ዝም አልኩ።"

"አላፈርሽም?"

"ግራኝ ሚስት ሆኜ ይኸን ሁሉ ዓመት አላፈርኩም..." አለችና ቃሏ ተወሳስቦባት ተናደደች። "የግራኝ ሚስት! ዛሬ ግን አፈርኩ። ዕጢው ተመልሶ ቢመጣ ለቀብርህ የሚመጣውን ሰው ምን ልበለው? 'ለሰላምታ ብሎ ሞተ' ልበለው?"

"ቀላል አደረግሽው። እጅ እኮ ነው! እየሞተች ሳያት ልኖር ነው። ገበታ ላይ ማን ከእኔ ጋር ይቆርሳል?"

"እኔ እቆርሳለሁ።"

"አንቺማ..."

"እኔማ ምን? ሰው አይደለሁም?" ድንቹን ከእጁ ነጠቀችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ለዘር ወደሚሆነው ወረወረችው። "የሐኪሟ ስልክ ቁጥር በፋና ዘንድ አለ። እኔ ልደውል እችል ነበር፣ ጠዋቱን ስልኬን ይዤ ከአሥር ጊዜ በላይ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። ግን እጁ የአንተ ነው። ሌላ ሰው በአንተ እጅ ላይ መፍረዱ ይብቃ ብዬ ነው የተውኩት።"

ይኸነው ወደ ቤት ገባ፣ ወጣ። ግቢውን ዞረ። ያልተበላሸውን አጥር ፈታና መልሶ አሰረው። ሲያስረው ቆም ብሎ እጆቹን አየ፤ ግራው ልጡን ይጠመጥማል፣ ቀኙ ደግሞ እንጨቱን ደግፋ ትጠብቃለች። ዕድሜ ልኳን ለሰው ፊት ስትደክም የኖረች እጅ፣ ሰው በሌለበት ሥራዋ ይኸው ነበር፤ መደገፍ። ቁጭ ብሎ በግራው አውራ ጣት መዳፏን አሻት። ቀዝቅዛለች።

ፋና ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በቀጥታ ነው የመጣችው፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ። ከበሩ ጀምራ እልልታዋን አቀለጠችው፤ አንገቱን አቅፋ ቀኝ እጁን መዳፏ ውስጥ አስገባች።

"አየህ አባዬ? 'ትድናለች' አላልኩህም? ዶክተሯን 'የአባቴ እጅ የእኛ እንጀራ ነው' ብያት ነበር እኮ!"

"ፋና" አለ ይኸነው። "ደውይልኝ፣ ለዶክተሯ።"

"ልታመሰግናት?"

"ደውይ አልኩሽ።"

ፋና እናቷን አየች። ሸጋ ብርቱካን ትልጥ ነበር፣ ዓይኗን ከልጣጩ አላነሣችም። ፋና ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ደግማ ደወለች። "ሥራ ላይ ትሆናለች። በቴሌግራም ድምፅህን እንላክላት? ሌላ ጊዜም እንዲህ ነው የምትለኝ። ዳታው ዛሬ አለ።"

"እንዴት ነው?"

"እኔ እይዝልሃለሁ፣ አንተ ተናገር። ስትጨርስ 'ላኪው' በለኝ።"

ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋችለት። ይኸነው ቆመ፤ የሸሚዙን አንገት አስተካከለ፣ ሴትዮዋ የምታየው ይመስል።

"ዶክተር፣ ይኸነው ነኝ፣ ከእንጅባራ። እንደምን አመሹ። ጠዋት የጠየቁኝን... በቀኜ ነው ያልኩት ልክ አይደለም። ልጄ አታውቅም፤ እሷ ያየችውን ነው ያስመዘገበችው። የምሠራው በግራዬ ነው። ከተፈጠርኩ ጀምሮ ግራኝ ነኝ። ስለዚህ ሁለተኛውን አድርጉልኝ፤ ጠርዙንም ምቱት። ይህ ነገር ግን፣ እባክዎ፣ እዚያው እናንተ ዘንድ ይቅር። ወደዚህ አገር ሰው ጆሮ እንዳይደርስ።"

ፋና የአባቷን ፊት ሳይሆን እጆቹን ታይ ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ዛሬ ገና እንደተዋወቀቻቸው።

"አባዬ..." አለች።

"ሄደ?"

"አልሄደም። ልላከው?"

ይኸነው ወደ በሩ ሄዶ ውጭውን አየ። ደረሰ ያልተሸጡ ወንበሮቹን ትከሻው ላይ ደራርቦ ወደ ቤቱ ያዘግማል፤ ከሩቅ አይቶት ጮኾ "እንደምን አመሸህ!" አለው። ይኸነው ራሱን ነቅንቆ መለሰለትና ተመልሶ ገባ።

"አጥፊው" አለ።

"አባዬ! በሞቴ!" ፋና ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሸጋም ቢላዋውን ብርቱካኑ ላይ እንደተሰካ ትታ ተነሣች።

"አጥፊውና እንደገና ያዢልኝ።"

ፋና እናቷን አየች፣ አባቷን አየች፣ በመጨረሻ አጠፋችው። ስልኩን ወደ አፉ ስትመልስ እጇን በሌላው እጇ ደግፋ ነው።

ይኸነው ያንኑ ተናገረ፤ በዚህኛው ግን ዝግ ብሎ፣ ደጅ ላለ ሰው እንኳ በሚሰማ ድምፅ። ስሙን አለ፣ እንጅባራን አለ፣ ግራኝ መሆኑን አለ። "ሁለተኛውን አድርጉልኝ፤ ጠርዙንም ምቱት" ካለ በኋላ ዝም አለ።

ፋና ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች ቀሪውን፣ እዚያው ይቅር የሚለውን፣ ጠበቀች። በዓይኗ "ሌላስ?" አለችው።

"በቃ" አለ ይኸነው። "ላኪው።"